ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ መምህርቷ፦ በመንግሥት ሥራ ላይ ሃይማኖታዊ ልብስ እስከ የት?

በካናዳ ኪዩቤክ ክፍለ ግዛት፣ ቼልሲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንዲት የ3ኛ ክፍል መምህርት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ከክፍሏ እንድትወጣ ተደረገ። ምክንያቱ የማስተማር ችሎታዋ ሳይሆን ሂጃቧ ነበር። ከሥራ አላባረሯትም፤ ከልጆቹ ፊት አንስተው ሌላ ቦታ መደቧት። የተመደበችበት ሥራ ደግሞ ስለ ብዝኃነትና ስለ አካታችነት የሚያስተምር የንባብ ፕሮጀክት ነበር። ወላጆችና ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አረንጓዴ ሪባን እያሰሩ ተቃወሙ። ሕጉ ግን አልተነቃነቀም።

ይህ ሕግ በተለምዶ «ሕግ ቁጥር 21» የሚባለው ሲሆን በጁን 2019 የጸደቀ ነው። ዐቃቤ ሕጎች፣ ፖሊሶች፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንና ርዕሳነ መምህራን በሥራ ሰዓት ሃይማኖታዊ ምልክት እንዳያደርጉ ይከለክላል። ሂጃብም ጥምጥምም ኪፓም (የአይሁድ ወንዶች ትንሽ ቆብ) የአንገት መስቀልም በአንድ ላይ ተከልክለዋል። ሕጉ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት የተቀጠሩት በያዙት የሥራ መደብ ላይ እስከቆዩ ድረስ አይነካቸውም። ነገሩ ያለው እዚህች «እስከቆዩ ድረስ» ላይ ነው። ሂጃብ የምትለብስ ነባር መምህርት ርዕሰ መምህርት እንድትሆን ብትታጭ፣ ወይ እድገቷን ወይ ሂጃቧን መተው አለባት።

የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሕጉ ከካናዳ የመብቶች ቻርተር ጋር እንደሚጋጭ አላጣውም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ፣ አንዳንድ የመብት ድንጋጌዎችን ለ5 ዓመት ወደ ጎን ለማለት የሚፈቅደውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ተጠቀመ፤ ጊዜው ሲያልቅም አደሰው። የኪዩቤክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021፣ ይግባኝ ሰሚው በ2024 አብዛኛውን የሕጉን ክፍል እንዲቀጥል አደረጉ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት በጃንዋሪ 2025 ፈቀደ።

ኪዩቤክን በጥላቻ ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ትምህርት ቤቱንም ሆስፒታሉንም የያዘችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከዚያ ጫና ራሱን ያላቀቀ ኅብረተሰብ በመንግሥት ቤት ውስጥ የሃይማኖት ምልክት ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቤተ ክርስቲያንና ዙፋን አንድ በነበሩበት አገር ያደገ ኢትዮጵያዊም ይህን ስሜት ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች በጽሑፍ ያረጋገጠ ሰነድ ነው።

ነገር ግን የኪዩቤክን ሰዎች ራሳቸውን የሚያስተዛዝብ አንድ ታሪክ አለ። በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አዳራሽ፣ ከአፈ ጉባኤው ወንበር በላይ፣ ከ1936 ጀምሮ የስቅለት መስቀል ይሰቀል ነበር። በ2008 የታሪክና የማኅበረሰብ ተመራማሪው ዤራር ቡሻርና ፈላስፋው ቻርልስ ቴይለር የመሩት ኮሚሽን መስቀሉ ይውረድ ብሎ መከረ። የምክር ቤት አባላቱ ግን ቅርስ ነው ብለው በሙሉ ድምፅ አቆዩት። የወረደው በጁላይ 2019፣ የመምህርቷን ሂጃብ የሚከለክለው ሕግ ከጸደቀ በኋላ ነው። የመንግሥት ግድግዳ 83 ዓመት መስቀል ተሸክሞ «ቅርስ» ከተባለ፣ የአንዲት ሴት ራስ መሸፈኛ በምን ሒሳብ የመንግሥትን ገለልተኝነት ያፈርሳል?

የዚሁ ኮሚሽን ሌላው ምክር ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ቡሻርና ቴይለር ክልከላው በጉልበት ሊያስገድዱ በሚችሉ ሹማምንት ላይ በዋናነት ይወሰን ነበር ያሉት፦ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ ፖሊሶችና የእስር ቤት ጠባቂዎች። መምህራንን አልጨመሩም፤ ነርሶችንም የቢሮ ጸሐፊዎችንም እንደዚሁ። ኪዩቤክ ከዓመታት በኋላ ይህን መስመር አልፋ መምህራንን ጨመረች። ቴይለርም በ2017 በአደባባይ ወጥቶ፣ ያቺን የተወሰነች ክልከላ እንኳ ከእንግዲህ አልደግፋትም አለ፤ ክርክሩ ራሱ በሙስሊም ሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃትና ማግለል እያባባሰ መጣ ብሎ።

እኔ የመጀመሪያው የኮሚሽኑ ሐሳብ ከሁሉም የተሻለ መነሻ ነው እላለሁ። መለኪያው ልብሱ ሳይሆን ሥራው መሆን አለበት፦ ይህ ሰው ባለጉዳዩን ምን ሊያደርገው ይችላል? ሊያስረው፣ ሊፈርድበት፣ ንብረቱን ሊነጥቀው ይችላል? ወይስ መታወቂያውን ያድስለታል፣ ቁስሉን ያጥብለታል፣ ክፍለ ቃሉን ያርምለታል?

ጀርመን ይህን መስመር በፍርድ ቤት ነው ያሰመረችው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2015፣ መምህራን ሁሉ ራሳቸውን እንዳይሸፍኑ በጅምላ መከልከል የሃይማኖት ነጻነትን ይጥሳል አለ። ለመከልከል በዚያ ትምህርት ቤት ሰላምን የሚያደፈርስ ተጨባጭ አደጋ መኖሩ መታየት አለበት ሲልም አከለ። ይኸው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2020 በሄሰን ግዛት የሕግ ተለማማጅ የሆነች ሴት በችሎት ላይ የፍትሕ አካላትን ወክላ ስትቀመጥ ሂጃብ እንዳትለብስ የሚከለክለውን ደንብ ግን አጸናው። ሁለቱን ውሳኔዎች የሚቃረኑ አድርጎ የሚያነብ አለ። ለእኔ አይቃረኑም። ችሎት ላይ የሚቀመጥ ሰው የራሱ ሰው አይደለም፤ ካባ የሚያለብሱትም ማንነቱን ከሥልጣኑ ለመነጠል ነው። መምህርት ግን ልጆቹ ለወራት የሚያውቋት፣ በስሟ የሚጠሯት ሰው ናት።

ፈረንሳይ እንዲህ ያለ ልዩነት አታውቅም። በ1905 ሃይማኖትና መንግሥትን የለየው ሕግና ከዚያ ወዲህ የመጡት ውሳኔዎች የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ፣ ፖስታ ቤት ቢቀመጥም ሆስፒታል ቢሠራም፣ ምልክት እንዳያሳይ ያስገድዳሉ። በአንድ የፓሪስ አካባቢ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ትሠራ የነበረች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ራሷን መሸፈኗን አልተውም በማለቷ ውሏ አልታደሰላትም። ጉዳዩ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ፈረንሳይ አሸነፈች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2023 ከቤልጂየም አንዲት የከተማ አስተዳደር በመጣ ጉዳይ ላይ፣ አስተዳደሩ ለሁሉም ሠራተኛ እኩልና ወጥ እስካደረገው ድረስ ሙሉ ክልከላ መጣል ይችላል አለ። መፍቀድም ይችላል ማለቱ ብዙ ጊዜ ሲነገር አይሰማም።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ሌሎች አሉ። የለንደን ፖሊስ ከ2001 ጀምሮ ለሙስሊም ሴት ፖሊሶች ከደንብ ልብሱ ጋር የሚሄድ ሂጃብ ፈቅዷል። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ በ1990 የሲኽ እምነት ተከታዮችን ጥምጥም፣ በ2016 ሂጃብን ፈቀደ። አሜሪካም ትምህርት የሚሆን ነገር አላት። አንድ የአየር ኃይል መኮንን፣ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከደንብ ልብሱ ጋር ኪፓ ላድርግ ብሎ ከሰሰ፤ በ1986 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ተሸነፈ። ኮንግረሱ በማግስቱ ዓመት ሕግ አውጥቶ፣ የማይጎላና ሥራን የማያደናቅፍ ሃይማኖታዊ ልብስ ለወታደሩ እንዲፈቀድ አደረገ። ዳኞቹ የዘጉትን በር ሕግ አውጪው ከፈተው።

ቱርክ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የዞረች አገር ናት። በ1999 ራሷን ሸፍና ወደ ምክር ቤት የገባች ተመራጭ በጩኸትና በጠረጴዛ ድብደባ ተዋክባ፣ ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወጣች። በ2013 ለሲቪል ሠራተኞች ክልከላው ተነሣ፤ ፖሊሶችና ወታደሮች ቆይተው ተከተሉ። በምክር ቤቱ የሆነው ግን ከጅምሩም የተሳሳተ ነበር። የሕዝብ ተወካይ የመረጠውን ሕዝብ ነው የሚወክለው፤ የመረጠው ሕዝብ የለበሰውን ቢለብስ የመንግሥት ገለልተኝነት ምኑ ይጎድላል?

ማተብና ሂጃብ በአንድ ሚዛን

ወደ ራሳችን እንምጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይናገራል። አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ንዑስ አንቀጽ 5ን ነው። እዚያ ላይ እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፦ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ሥነ ምግባር፣ የሌሎች መብትና ነጻነት፤ በመጨረሻም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ። ይህችን የመጨረሻዋን ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ውስጥ አናገኛትም፤ የእኛ ሕገ መንግሥት ጸሐፊዎች ናቸው የጨመሯት። እንግዲህ የዳኛን ልብስ የሚገድብ ሕግ ቢወጣ በር አለው ማለት ነው። ነገር ግን አንቀጹ አንድ ግዴታም አስቀምጧል፦ ገደቡ በሕግ መውጣት አለበት። በቢሮ ኃላፊ ቃል፣ በጥበቃ ሠራተኛ ፍላጎት፣ ወይም ማንም ባላየው «ከላይ የመጣ መመሪያ» ሰውን ከሥራ ገበታው ማስነሣት እዚህ አንቀጽ ውስጥ ቦታ የለውም።

እኛ ዘንድ የሚወጣ ማንኛውም ወጥ ክልከላ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ማተብ ከሸሚዝ ኮሌታ ሥር ይገባል። የአንገት መስቀልም እንደዚያው፤ ባለቤቱ ሸሚዙን ቢቆልፍ ጉዳዩ አለቀ። ሂጃብ ግን ከምንም ሥር አይገባም። «ሁሉም ሰው ምልክቱን ይደብቅ» የሚል ደንብ ቢወጣ ኦርቶዶክሱ አንድ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ሙስሊሟ ደሞዟን ታጣለች። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ከልብሱ የሚታወቅበት ነገር የለውም፤ ደንቡ እሱን ጨርሶ አያገኘውም። ወረቀት ላይ እኩል የሆነ ደንብ ሥራ ላይ ሲውል በአንድ ወገን ላይ ብቻ ያርፋል። ኪዩቤክም የሆነው ይኸው ነው፦ ከሕጉ ጋር ተያይዞ ስማቸው በተደጋጋሚ የተነሣው ሂጃብ የሚለብሱ መምህራን ናቸው።

ነጠላን ብናይ ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር ይመጣል። በጠዋት ብርድ የተከናነበችው ጸሐፊ ባህል ለብሳለች። ያቺው ጸሐፊ የማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ቢሮ ብትመጣ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች፣ ያው ጨርቅ የእምነት ልብስ ሆኗል። በቀሚሱ ጥለት ላይ የተጠለፈው መስቀልስ? የሰሜኑ አገር እናቶች በግንባራቸው የተነቀሱትስ? የሙስሊም አባቶች ኮፍያስ፣ ስንቱ ሰው ለእምነቱ፣ ስንቱ ለአገሩ ወግ ያደርገዋል? ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሞ የሚለይ የጥበቃ ሠራተኛ ልናሠለጥን ካልሆነ በቀር፣ «ሃይማኖታዊ ልብስ» የሚል ቃል ብቻ የያዘ ደንብ በአድልዎ መሥራቱ አይቀርም። ዓይን የለመደው ባህል ይባላል፤ ያልለመደው ሃይማኖት።

አክሱም፦ ሌላ ጥያቄ

በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሂጃብ የሚለብሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ መከልከላቸውና ለአገር አቀፍ ፈተና ምዝገባ መቸገራቸው ብዙ አነጋግሯል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው በጊዜያዊ እግድ እንዲቆም ታዟል፤ መቀሌ ላይም ትልቅ ሰልፍ ተደርጓል። ይህ ጉዳይ ከመንግሥት ሠራተኞች ልብስ ጋር ሲምታታ በየቦታው አያለሁ። መምታታት የለበትም። ተማሪዋ መንግሥትን አትወክልም፤ ከመንግሥት አገልግሎት የምትቀበል ዜጋ ናት። ስለ ሹም ልብስ የሚነሣ የገለልተኝነት ክርክር፣ ጠንካራ ቢሆን እንኳ፣ እሷ ዘንድ አይደርስም። ፊቷ እስከታየና ማንነቷ እስከተረጋገጠ ድረስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፈተናዋን የመፈተን መብት አላት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን የሚለው ስለሚሰጠው ትምህርት ነው፣ ስለ ተማሪዋ ራስ አይደለም።

ፊት የሚሸፍን ልብስ ለብቻው የሚታይ ነው። አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ፊቱ የማይታይ ሰው ጋር ባለጉዳይ ከማን ጋር እንደተነጋገረ አያውቅም፤ ቅሬታ ቢኖረው ማንን ይከሳል? እዚህ ላይ ክልከላው ከሃይማኖት ጋር ሳይሆን ከተጠያቂነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ለመከራከርም ቀላል ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍልና የፋብሪካ ማሽንም እንደዚሁ ናቸው፤ ረጅም የሚንጠለጠል ነገር የማንም ይሁን የማን አይፈቀድም።

ታዲያ ችሎትስ?

ዳኛው ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይከፈላል፤ አልደብቅም። አንድ በኩል፣ ዳኛ በኅሊናው ነው የሚፈርደው፤ ማተቡን አውልቆ ያደላ ዳኛም ሂጃብ ለብሳ በቅን የፈረደች ዳኛም ሊኖሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው የዳኛውን ኅሊና አያይም። የሚያየው የሚታየውን ነው። በቅርቡ በሃይማኖት ስም ደም የፈሰሰበት ከተማ ውስጥ፣ ስለ መስጊድ ወይም ስለ ቤተ ክርስቲያን ይዞታ በሚካሄድ ክርክር፣ ተሸናፊው ወገን ፍርዱን ከዳኛዋ ራስ ወይም ከዳኛው ደረት ጋር አያይዞ ቢሄድ ምን እንላለን? ፍርዱ ትክክል ነበር ብለን ማስረዳት አይበቃም።

በሕጋችን ለእንዲህ ያለው ጥርጣሬ የቆየ መሣሪያ አለ፦ ዳኛው ከችሎት ይነሣልኝ የሚል አቤቱታ። ነገር ግን በዳኛው እምነት ላይ የተመሠረተ የይነሣልኝ አቤቱታ ቢፈቀድ ሙስሊም ለሙስሊም፣ ክርስቲያን ለክርስቲያን የሚፈርድበት አገር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከልብሱ የባሰ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ጠባብ መፍትሔ አዘነብላለሁ፦ በችሎት ወንበር ላይ፣ በክርክር ሰዓት ብቻ፣ ከካባው ውጭ ምንም የሚታይ ምልክት እንዳይኖር በአዋጅ ይወሰን፤ መስቀልም ይጨመርበት። ይህም ቢሆን ሙስሊሟን ዳኛ ከክርስቲያኑ ዳኛ ይበልጥ እንደሚጎዳት አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው መስመሩ ከችሎት ወንበር ውጭ አንድ ስንዝር እንዳይሻገር የምለው። ፍርድ ቤቶቻችን ራሳቸው ምስክሩን በየእምነቱ መጽሐፍ የሚያምሉ መሆናቸውንም እዚህ ላይ መርሳት የለብንም፤ ችሎት ከሃይማኖት ፍጹም ነጻ ቦታ ሆኖ አያውቅም።

ለፖሊስ የለንደኑ መንገድ ይሻለኛል። ተቋሙ ራሱ ከደንብ ልብሱ ጨርቅ የተሰፋ፣ አንድ ቀለም ያለው፣ አርማው ያለበት የራስ መሸፈኛ ያዘጋጅ። መንገድ ላይ የምታስቆመኝ ፖሊስ መጀመሪያ ፖሊስ ሆና እንድትታየኝ የሚያደርገው የደንብ ልብሱ ነው፤ መሸፈኛው የደንብ ልብሱ አካል ከሆነ ዓላማው ተሳካ። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ሙስሊም ሴቶች ወደ ፖሊስነት ካልገቡ የጎደለው ገለልተኝነት ሳይሆን ፖሊሱ ራሱ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለችው ተጠቂ ሴት ቃሏን የምትሰጣት ሴት ታጣለች።

ለመምህርቷ፣ ለነርሷ፣ ለገንዘብ ያዧ፣ ለመታወቂያ ክፍሏ ሠራተኛ ክልከላ አያስፈልግም። ልብሳቸው ባለጉዳዩን አያስገድደውም። የሚያስገድደው ሥራቸው ውስጥ የሚያደርጉት ነው፤ ይህ ደግሞ በልብስ ክርክሩ ጩኸት ውስጥ የተረሳ ይመስለኛል። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፌ ያየሁት ትዝ ይለኛል፦ አንደኛው መስኮት ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎ ከስልኩ መዝሙር በዝግታ ይሰማል፤ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የታተመበት የቀን መቁጠሪያ ቆሟል፤ ከበስተኋላ የሙስሊሙ ባልደረባቸው የነሺዳ ጥሪ ስልኩ ላይ ሲጮኽ ተጣድፎ አጠፋው። እነዚያ ሦስት ሰዎች አንድም ሃይማኖታዊ ልብስ አልለበሱም። ቢሮው ግን በሃይማኖት የተሞላ ነበር።

ግድግዳው የሠራተኛው አካል አይደለም፤ የሕዝብ ነው። ሠራተኛው ልብሱን ቤቱ ይዞት ይሄዳል፤ ግድግዳው ግን እዚያው ሆኖ ለሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ይናገራል። ባለጉዳይን «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ በአንድ እምነት ጸሎት መክፈት፣ የጾም ሰዓት ደረሰ ብሎ ሰልፈኛን ሜዳ ላይ መተው፣ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ስም አይቶ ፊት ማጥቆር፤ ይህ ሁሉ አሁን ባለው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በሃይማኖት አድልዎ መፈጸም እንደማይቻል በተደነገገው ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ነው። አዲስ አዋጅ አይፈልግም። አንድ የቢሮ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ሲገባ የኮምፒውተሩን ሥዕልና የጥቅሱን የቀን መቁጠሪያ አንሡ ቢል፣ የስልክ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን ቢል ማንም እንጀራውን አያጣም። በሩ ላይ ሂጃብ የለበሰችውን ሠራተኛ ከማስቆሙ በፊት ይህን ማድረጉን ማየት እፈልጋለሁ።